የጓንት ሰፊው ልጅ ዊልያም ሼክስፒር

በእንግሊዝ አገር፣ በኤቨን ወንዝ ዳር፣ ስትራትፎርድ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ላይ ኤፕሪል 26 ቀን 1564 የአንድ ሕፃን ስም ተጻፈ። (በዚህ ምንባብ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።) ሕፃኑ በተጠመቀ በሦስተኛው ወር በከተማይቱ የወረርሽኝ በሽታ ገባ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ከ200 በላይ ሰዎችን ፈጀ። የሕፃኑ ወላጆች ከእርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት ሴቶች ልጆች በጨቅላነታቸው ሞተውባቸው ስለነበር በዚያ ክረምት ምን ያህል እንደ ሰጉ መገመት አያዳግታችሁም። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ተረፈ። ስሙም ዊልያም ሼክስፒር ነው።

በዚህ ምንባብ የሼክስፒርን ሕይወት ስትከታተሉ ከትራጄዲዎቹ፣ ማለትም ከአሳዛኝ ተውኔቶቹ፣ አንዱን ማክቤዝን አብራችሁ ትመለከታላችሁ። ደግነትና ክፋት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲታገሉ የሚያሳየውን ይህን ተውኔት ደራሲው የጻፈው በአርባ ሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ምን ዐይቶ፣ ምንስ ደርሶበት እንደ ነበር ማወቅ ተውኔቱን ለመረዳት ይጠቅማል።

አባቱ ጆን ሼክስፒር ቆዳ እያለፋ ጓንት የሚሰፋ የእጅ ባለሙያ ነበር። ስሙን የሚፈርመው በፊደል ሳይሆን በሙያው መሣሪያ ምልክት ነበር። ያም ሆኖ በጎረቤቶቹ ዘንድ የተከበረ በመሆኑ በከተማው ምክር ቤት ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ በ1568 የከተማይቱ ሹም ሆነ። እናቱ ሜሪ አርደን የባለጸጋ ገበሬ ልጅ ነበረች። ዊልያም አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ግን የቤታቸው ኑሮ ተናጋ። አባቱ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ የሚስቱን የውርስ መሬት በመያዣ ሰጠ፤ ከምክር ቤቱ ስብሰባም ቀረ። ትናንት ከፊት ወንበር ይቀመጥ የነበረ አባት በአበዳሪዎች ፍርሃት ከሰው ሲሸሽ ማየት ለአንድ ልጅ ቀላል አይደለም። ከወንበሩ የወደቀ ሰው በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው በከንቱ አይመስለኝም።

በከተማይቱ የሹማምንትና የነጋዴዎች ልጆች በነፃ የሚማሩበት የሰዋስው ትምህርት ቤት ነበር። የተማሪዎቹ መዝገብ ለእኛ ዘመን ባይተርፍም የከተማው ሹም ልጅ ዊልያም የተማረው እዚያ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ሰዋስው የሚከብዳችሁ ተማሪዎች ካላችሁ የእነዚያን ልጆች ዕጣ አስቡ። ከማለዳ እስከ ማታ የሚያጠኑት የገዛ ቋንቋቸውን ሰዋስው ሳይሆን የላቲንን ነበር። ከመልመጃዎቻቸው አንዱ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። መምህሩ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ተማሪው መጀመሪያ ጉዳዩን ደግፎ፣ ቀጥሎም ያንኑ ጉዳይ ተቃውሞ እንዲናገር ይታዘዛል። በዚህ ዓይነት ልምምድ ያደገ ልጅ የገዳዩንም የሟቹንም ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ መናገር ቢችል የሚያስገርም አይደለም።

በኖቬምበር 1582፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በስምንት ዓመት የምትበልጠውን አን ሃትአዌይን አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሱዛና፣ በ1585 ደግሞ ሐምኔትና ጁዲት የተባሉ መንትዮች ተወለዱ። ከዚህ በኋላ ለሰባት ዓመታት ያህል ኑሮው በምን እንዳለፈ የሚናገር ሰነድ የለም። ባዶ ቦታ ወሬ ይጠራልና ኋላ የመጡ ሰዎች ብዙ ታሪክ ፈጠሩ። የአንድ ባላባት አጋዘን ሰርቆ ከአገር ሸሸ የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ወሬው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ማስረጃ የለውም። እናንተም የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የሚጥመውንና የተረጋገጠውን መለየት አለባችሁ።

በ1592 ሼክስፒርን ለንደን ላይ እናገኘዋለን። ስሙን ያነሣው ወዳጅ አልነበረም። ሮበርት ግሪን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ደራሲ፣ በሞተበት ዓመት በወጣ ጽሑፍ፣ አንድ ተራ ተዋናይ በሌሎች ላባ አጊጦ ከተማሩት ጋር ሊፎካከር ተነሣ ብሎ ሲያንቋሽሸው እናያለን። ከስድቡ የምንረዳው ነገር ቢኖር የጓንት ሰፊው ልጅ ያን ጊዜ የሚቀናበት ደራሲ መሆኑን ነው። ወዲያው የወረርሽኙ በሽታ ለንደን ገብቶ ቴአትር ቤቶች ተዘጉ። ሼክስፒር በዚህ ጊዜ ሁለት ረጃጅም ግጥሞችን ጽፎ በ1593 እና በ1594 አሳተመ። ቴአትር ቤቶቹ ሲከፈቱም ከጓደኞቹ ጋር አንድ የተዋንያን ማኅበር መሠረተ። በማኅበሩ ውስጥ ደራሲም፣ ተዋናይም፣ ባለ ድርሻም ነበር። ሀብቱም የተገኘው በዋናነት ከዚህ ድርሻ ነው።

ማኅበሩ ይጫወትበት የነበረው ቴአትር ቤት የቆመበት መሬት ባለቤት ኪራዩን አላድስም ባለ ጊዜ ተዋንያኑ በዲሴምበር 1598 መጨረሻ አናጢ ይዘው ሄዱ። የቤቱን እንጨት አንድ በአንድ ነቅለው ከቴምስ ወንዝ ማዶ አሻገሩት። በ1599 በዚያው እንጨት ግሎብ የተባለው ቴአትር ቤት ተሠራ። ግሎብ መካከሉ ጣራ የሌለው፣ እስከ 3000 ሰው የሚይዝ ቤት ነበር። ድኻው አንድ ሳንቲም ከፍሎ በመድረኩ ዙሪያ ቆሞ ያያል፤ ባለጸጋው በሰገነቱ ላይ ይቀመጣል። ጨዋታው የሚታየው ከቀትር በኋላ በፀሐይ ብርሃን ነው። ሴቶች በመድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴቶቹን ቦታ ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ይጫወቱታል። ስለዚህ በማክቤዝ ውስጥ ያ ሁሉ የጨለማ ሌሊት በጠራራ ፀሐይ የሚፈጠረው በቃላት፣ ቢበዛም በአንድ ችቦ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ስኬት መካከል ሐዘን ገባ። መንትያው ሐምኔት በአሥራ አንድ ዓመቱ ሞቶ ኦገስት 11 ቀን 1596 ተቀበረ። ሼክስፒር አንድ ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በስትራትፎርድ ከታላላቆቹ ቤቶች አንዱን ገዛ፤ ቤቱን በስሙ የሚወርስ ወንድ ልጅ ግን አልነበረውም። ስለ ልጁ ሞት የጻፈው ደብዳቤ ወይም ማስታወሻ አልተገኘም። በማክቤዝ ውስጥ አንድ አባት የልጆቹን ሞት ሲሰማ የሚያሳየውን ሐዘን ከሐምኔት ሞት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም።

ሌላም ፈተና ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1601 የኤሴክስ መስፍን ደጋፊዎች ወደ ማኅበሩ መጥተው፣ ከተለመደው ዋጋ በላይ 40 ሽልንግ ጨምረው በመክፈል፣ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ሲገደል የሚያሳየውን ሁለተኛው ሪቻርድ የተባለ የሼክስፒር ተውኔት እንዲጫወቱላቸው ጠየቁ። ተዋንያኑም ተጫወቱ። በማግስቱ መስፍኑ በንግሥት ኤልሳቤጥ ላይ ዐመፀ፤ ዐመፁም በዚያው ቀን ከሸፈ። መስፍኑ በዚያው ወር አንገቱን ተቆረጠ። ከተዋንያኑ አንዱ ተጠርቶ ከተመረመረ በኋላ ማኅበሩ ያለ ቅጣት ታለፈ። ሼክስፒር የንጉሥ ግድያን በመድረክ ማሳየት በሕይወት የሚያስጠይቅ ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ቀን በኋላ አልሳተውም።

ኤልሳቤጥ በ1603 ስትሞት የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ በእንግሊዝም ነገሠ፤ የሼክስፒርንም ማኅበር የንጉሡ ተዋንያን ብሎ ሰየመው። ጄምስ አባቱ የተገደለበት፣ ራሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሤራ መካከል ያደገ ሰው ነበር። ስለ ጥንቆላ በ1597 መጽሐፍ አሳትሟል። በኖቬምበር 1605 ደግሞ ምክር ቤቱ ሲከፈት ንጉሡን ከነመኳንንቱ በአንድነት ለማጥፋት የታቀደ ሤራ ተገኘ። ከአዳራሹ በታች 36 በርሜል ባሩድ ተከማችቶ ነበር። ከሤረኞቹ አንዱ በስትራትፎርድ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ነበር። እስቲ የለንደንን ሰዎች ስሜት አስቡት፤ በየመንገዱ የሚጠየቀው ሰው እንዲህ ያለ ክፋት ከወዴት ይመጣል የሚለው ነበር። ማክቤዝ የተጻፈው በዚህ ጊዜ፣ በ1606 ገደማ ነው።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ሆሊንሼድ ከተባለ ጸሐፊ ዜና መዋዕል ነው። ማክቤዝ በእርግጥ ከ1040 እስከ 1057 ስኮትላንድን የገዛ ንጉሥ ነበር። ከእርሱ በፊት የነገሠው ደንካን የሞተው በአልጋው ላይ ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው፤ ሽማግሌም አልነበረም። ማክቤዝም አሥራ ሰባት ዓመት ገዝቶ፣ በ1050 ሮም ድረስ ተሳልሞ፣ ለድኾች ገንዘብ የሰጠ ሰው ነው። እንግዲህ ደራሲው ምን እንደ ለወጠ ተመልከቱ። ደንካንን ሽበታም፣ የዋህና ቸር ንጉሥ አደረገው። ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ፣ በሚስቱ ግፊት ንጉሡን በቤቱ ተኝቶ ሳለ ያስገደለ የአንድ ሰው ታሪክ አገኘ፤ ይህንንም ከማክቤዝ ታሪክ ጋር ሰፋው። በዜና መዋዕሉ ባንኮ የተባለው መኰንን የማክቤዝ ግብረ አበር ነበር፤ በተውኔቱ ግን ንጹሕ ሆነ። ንጉሥ ጄምስ ዘሩን ከባንኮ ይቈጥር ነበርና ይህ ለውጥ ለንጉሡ የቀረበ እጅ መንሻም ነበር። ሼክስፒር ፍጹም አድርባይ አልነበረም፤ ፍጹም ደፋርም አልነበረም።

ተውኔቱ ሲጀምር ማክቤዝ ክፉ ሰው አይደለም። አገሩን ከወራሪና ከዐማፂ ያዳነ፣ ሁሉ የሚያመሰግነው ጀግና ነው። ከጦርነት ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች ከባንኮ ጋር ሳለ ያገኙትና ንጉሥ እንደሚሆን ይነግሩታል። ለባንኮ ደግሞ እርሱ ባይነግሥም ከዘሩ ነገሥታት እንደሚወጡ ይነግሩታል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊስተው የማይገባ ነገር አለ። ጠንቋዮቹ ማክቤዝን ግደል አላሉትም። አንድም ቦታ ቢላዋ አላቀበሉትም። የመግደሉ ሐሳብ የመጣው ከራሱ ልብ ነው፤ በመጣም ጊዜ ራሱ ማክቤዝ ደነገጠ። ባንኮ ትንቢቱን በእኩል ሰምቷል፤ ሆኖም ተኝቶ አደረ እንጂ ሰው አልገደለም።

ደንካን በማክቤዝ ቤት በእንግድነት በሚያድርበት ሌሊት ማክቤዝ ብቻውን ከግብር አዳራሽ ወጥቶ ይቆማል። የሚገድለው ሰው የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ንጉሡ ነው፤ እንግዳው ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰውን ያልበደለ ገዥ ነው። ማክቤዝ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለራሱ ይቈጥራል። እንግዳን በገዛ ቤት መግደል ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ በአገራችን ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማክቤዝ ነገሩን ላለማድረግ ይወስናል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ሚስቱ መጥታ ወንድነቱን ስትነካበት ውሳኔው ይፈርሳል። የዚህ ትራጄዲ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማክቤዝ በጎውን ከክፉ መለየት አልተሳነውም። እያወቀ ገደለ።

ከግድያው በኋላ በሩ በኀይል ይንኳኳል። ሰክሮ ያደረ በረኛ ራሱን እያከከ ይወጣና የገሃነምን በር የሚጠብቅ አስመስሎ ይቀልዳል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ይሁንና ያ ቤት በእርግጥ ገሃነም ሆኖ እንዳደረ ስለሚያውቅ ሣቁ በጉሮሮው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንዱ ግድያ ሌላውን ይወልዳል። ባንኮ ትንቢቱን ስለ ሰማ ይገደላል፤ መንፈሱም በግብር ላይ መጥቶ በማክቤዝ ወንበር ይቀመጣል። ማክደፍ የተባለው መኰንን ወደ እንግሊዝ ስለ ሸሸ ሚስቱና ልጆቹ ይታረዳሉ። ደንካንን ሲገድል እጁ የተንቀጠቀጠው ሰው የሕፃናቱን ሞት ሲያዝ አያመነታም።

ሚስቱ የሄደችው በተቃራኒው መንገድ ነው። በግድያው ሌሊት ጥቂት ውሃ ደሙን እንደሚያጥበው ነግራው ነበር። በተውኔቱ መጨረሻ ግን ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ሻማ ይዛ እየዞረች፣ ንጹሕ እጇን ስታሽና ስታጥብ ሐኪም ያገኛታል። ሐኪሙም ይህ የእርሱ መድኃኒት የሚደርስበት በሽታ እንዳልሆነ ተረድቶ ይተዋታል። እንግዲህ እርሱ መፍራት ሲተው እርሷ መፍራት ጀመረች።

ምናልባት ደግነት የት አለ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ደንካን ደግ ነው፤ ግን ሰውን መለየት አይችልም። ባንኮ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ማክቤዝን ጠርጥሮ ዝም ብሏል። ማክደፍ ጀግና ነው፤ ነገር ግን ቤተሰቡን ያለ ጠባቂ ጥሎ ሄዷል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ስም እንኳ ያልተሰጠው አንድ ሰው ነው። ገዳዮቹ ወደ ማክደፍ ቤት ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እየሮጠ ይመጣና እመቤቲቱን ልጆችሽን ይዘሽ አምልጪ ብሎ አስጠንቅቋት፣ ለራሱም ሕይወት እየፈራ ይሄዳል። አላዳናትም። በተውኔቱ ውስጥ ዳግመኛ አይታይም። በሐሰተኛ ትንቢትና በዙፋን ፍቅር መካከል፣ አንዳች ሳይጠቀም ነፍሱን ለአደጋ የሰጠው እርሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የደንካን ልጅ ማልኮም ከእንግሊዝ ጦር ይዞ ይመጣል። ወታደሮቹ የጫካ ቅርንጫፍ ተሸክመው ሲገሰግሱ ጫካው የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ማክቤዝ የተማመነበት ሁለተኛው ትንቢትም እንዲሁ ይከዳዋል። ማክደፍ ይገድለዋል።

በ1611 ሳይመን ፎርማን የተባለ ሐኪምና ኮከብ ቈጣሪ ይህን ተውኔት በግሎብ ተመልክቶ ያየውን በማስታወሻው አሰፈረ። ከጻፋቸው ነገሮች መካከል የገዳዮቹ እጅ ከደም አልጠራ ማለቱና ንግሥቲቱ በእንቅልፍ ልቧ መናገሯ ይገኛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 29 ቀን 1613፣ በጨዋታ መካከል የተተኰሰ መድፍ የግሎብን የሣር ክዳን አቀጣጥሎ ቤቱን አቃጠለው። ሼክስፒር ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜውን በስትራትፎርድ ያሳልፍ ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 1616 በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ በተጠመቀበትም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በ1670 የልጅ ልጁ ኤልሳቤጥ ያለ ልጅ ስትሞት ዘሩ ተቋረጠ።

ሲሞት ማክቤዝ በመጽሐፍ አልታተመም ነበር። ለተዋንያን የተገለበጡ የእጅ ጽሑፎች በአንድ የእሳት አደጋ ወይም በአንድ ጐርፍ ሊጠፉ ይችሉ ነበር። ጆን ሄሚንጅና ሄንሪ ኮንዴል የተባሉ ሁለት የማኅበሩ ባልደረቦች፣ ከሞተ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1623፣ 36 ተውኔቶችን ሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነዚህ 18ቱ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም፤ ማክቤዝም ከእነርሱ አንዱ ነው።

ወደ አማርኛም ተሻግሯል። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን በአማርኛ አቅርበዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ተርጕመዋል። የጸጋዬን ትርጕም በቤተ መጻሕፍት ካገኛችሁ የሽማግሌው ንጉሥ ደም የሚፈስበትን ሌሊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተከፋፍላችሁ አንብቡት። ስም ለሌለው መልእክተኛም አንድ ሰው መድቡለት።